ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በሞተር ሳይክል፦ የሣጥን ሥራ ማስታወሻ

ደረጃ 1፦ ልክ፣ ክብደት፣ ቦታ

የሚጫነው ማይክሮ ኤቲኤክስ ኬዝ ያለው ዴስክቶፕ፣ ባለ 24 ኢንች ሞኒተርና ሁለት ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ነው። ኬዙ 40 በ40 በ20 ሳ.ሜ ገደማ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱና ዲስኮቹ ሲወጡለት 7 ኪሎ ይመዝናል። ሞኒተሩ ያለ እግሩ 3 ኪሎ ተኩል ነው። ኬዙና ሞኒተሩ በአንድ ጉዞ አይሄዱም። ሁለቱን የሚይዝ ሣጥን ወይ ከመሪው ይሰፋል፣ ወይ ከነጂው ትከሻ በላይ ይቆማል።

ከኋላ መብራት በላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ገና ከጅምሩ ተሰረዘ። ብዙዎቹ ላይ የሚጻፈው ወሰን 5 ኪሎ አካባቢ ነው። ደግሞም ከኋላ ጎማ እምብርት ወደ ኋላ ወጥቶ ስለሚንጠለጠል፣ ጎማው ጉብታ ሲመታ እዚያ ጫፍ ላይ ያለ ዕቃ መቀመጫው ላይ ካለው ይበልጥ ይወነጨፋል። የፊት ጎማውንም ያቀልለዋል። የተሳፋሪ መቀመጫ ግን ሙሉ ሰው እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ 12 ኪሎ አያስጨንቀውም። ስለዚህ ሣጥኑ መቀመጫው ላይ ይውላል፤ የክብደቱ መሃልም ከኋላ ጎማ እምብርት ፊት መሆን አለበት።

ጀርባ ቦርሳ ለላፕቶፕ ብቻ ይታሰባል። ሰውነት ንዝረቱን ስለሚውጠው ለማሽኑ ይመቻል፤ ለነጂው ግን አይመቸውም፤ ሲወድቅ ጠንካራው ጠርዝ አከርካሪው ላይ ያርፋል። ማግኔት ያለው የነዳጅ ታንክ ቦርሳ ጥሩ ቦታ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ላፕቶፖች ክዳናቸው መከደኑን የሚያውቁት በማግኔት ስለሆነ፣ የቦርሳው ማግኔት ማሽኑን ሊያስተኛው ወይም ሊያነቃው ይችላል። የትም ቢጫን ላፕቶፕ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል እንጂ «ስሊፕ» ላይ አይተውም። ቦርሳ ውስጥ ነቅቶ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ የለውም።

ደረጃ 2፦ የትኛው ምት ነው የሚሰብረው?

ፎም ከመግዛት በፊት የዲስኮቹ መግለጫ ታየ። የጠፋ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ጂ የሚደርስ የ2 ሚሊሰከንድ ምት ይችላል። እየሠራ ከሆነ ግን ወሰኑ ወደ 30–80 ጂ ይወርዳል። የሚዞር ክፍል የሌለው ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ብዙውን ጊዜ 1500 ጂ በግማሽ ሚሊሰከንድ ይባልለታል። ጂ ማለት ዕቃው የገዛ ክብደቱ ስንት እጥፍ ጉልበት እንዳረፈበት የሚያሳይ ቁጥር ነው።

ለመውደቅ ቀላል ሂሳብ አለ፦ የወደቀበትን ከፍታ ቆሞ እስኪያበቃ በተጓዘው ርቀት ማካፈል። ከ75 ሳ.ሜ ጠረጴዛ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ በ1 ሚ.ሜ ውስጥ ከቆመ አማካዩ 750 ጂ ነው። ያው ዕቃ 2.5 ሳ.ሜ የሚሰምጥ ፎም ላይ ካረፈ 30 ጂ ብቻ ነው። ይህ ሂሳብ ፍርሃቱን ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመልሰዋል፦ በመንገድ ላይ ከሚገኘው ጉብታ ይልቅ ሲጫንና ሲወርድ ከእጅ ማምለጡ ይብሳል።

የመንገዱ ጉዳት ሌላ ዓይነት ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር ዋናው ንዝረት በሰከንድ 100 ጊዜ፣ ማለትም 100 ኸርዝ ነው። እያንዳንዱ ምት ትንሽ ነው፤ ግን ብሎን ይፈታል፣ ከስሎቱ ላይ የተንጠለጠለ ካርድ ያወዛውዛል፣ ከፎሙ ጋር የተጣበቀን አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያሽከረክረዋል። አፕልም በ2021 ከከፍተኛ ጉልበት የሞተር ሳይክል ሞተር የሚመጣ ንዝረት የአይፎን ካሜራ ማረጋጊያን ሊያዳክም እንደሚችል አሳውቋል። ስለዚህ ሣጥኑ ሁለት ሥራ አለበት፦ ከመውደቅ ማትረፍና የ100 ኸርዙን ንዝረት መቁረጥ።

ደረጃ 3፦ ሣጥኑ

የመጀመሪያው ንድፍ ሁሉም ጎኑ 9 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ ነበር። የውስጥ ልኩ 50 በ50 በ30 ሳ.ሜ ሲሆን ጠቅላላ የእንጨት ስፋቱ 1.1 ካሬ ሜትር ነው፤ በዚያ ውፍረት 6 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ኮምፒውተሩን ሊያህል ምንም አልቀረውም! ተለውጦ ወለሉ ብቻ 9 ሚ.ሜ ሆነ፤ ግድግዳና ክዳኑ 4 ሚ.ሜ፣ ማዕዘኖቹ ላይ 2 በ2 ሳ.ሜ ጣውላ በኮላና በብሎን። ክብደቱ ከ4 ኪሎ በታች ወረደ። ግድግዳው የሚያስፈልገው እንዳይወጋና ፎሙን በቦታው እንዲይዝ ነው፤ ምቱን የሚበላው ፎሙ ነው።

ወለሉ ከኋላ መያዣው ጋር በአራት ባለ 8 ሚ.ሜ ብሎን ይያያዛል፤ ከእንጨቱ ላይ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከታች ናይለን ያለው ዳዶ። ተራ ዳዶ ንዝረቱን አይችልም። ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ይሠራል፤ ግን ኤቢኤስ ወይም ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ አጠገብ አይጨመርም። ፈሳሹ እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ያሰነጥቀዋል፤ የሞተሩ የጎን ሽፋንና የኋላ መብራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚሁ የተሠሩ ናቸው።

ከወጪው ትልቁ ድርሻ የፎሙ ነው፤ ሁለተኛው ኮምፔንሳቶው። ብሎንና ማሰሪያው ቀላል ነው። ወጪ ለመቀነስ የሞኒተር ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ስታይሮፎም መጠቀም ታስቦ ነበር፤ ቀረ። ስታይሮፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ለአንድ ውድቀት እንጂ ለተደጋጋሚ ጉዞ አይሆንም። ሲፋተግም ፍርፋሪውና የስታቲክ ቻርጁ ሌላ ጣጣ ነው።

ደረጃ 4፦ ፎም

ሙከራ አንድ፦ ኬዙ ቆሞ፣ ከሥሩ 5 ሳ.ሜ ለስላሳ ስፖንጅ። በእጅ ሲጫኑት ምቹ ይመስላል፤ ኬዙ ሲቀመጥበት ግን አራቱ የጎማ እግሮች ስፖንጁን ወግተው ወለሉ ጋ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። እግሮቹ አንድ ላይ 50 ካሬ ሳ.ሜ ቢሆኑ ነው፤ 7 ኪሎ ሲካፈል በካሬ ሳ.ሜ 140 ግራም። ለስላሳ ስፖንጅ በደንብ የሚሠራው ከ10 እስከ 20 ግራም ሲያርፍበት ነው። የተጨፈለቀ ስፖንጅ ከእንጨት አይለይም።

ሙከራ ሁለት፦ በካሬ ሳ.ሜ ከ30 እስከ 70 ግራም የሚወድ ጠንከር ያለ ፖሊኤትሊን ፎም፣ በሜትር ኪዩብ 35 ኪሎ የሚባለው ዓይነት፣ 5 ሳ.ሜ ውፍረት። በዚህ ጊዜ ኬዙ ተጋድሞ ሙሉ የፎም ንጣፍ ላይ ተቀመጠ። አሁን ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፦ 7 ኪሎ በ1600 ካሬ ሳ.ሜ ላይ ሲዘረጋ 4 ግራም ብቻ ነው። ፎሙ ጭራሽ ክብደት እንዳለበት አላወቀም፤ ንዝረቱን እንዳለ አሳለፈው። ሰው ብዙ ፎም ባነጠፈ ቁጥር ዕቃው የዳነ ይመስለዋል። ከክብደቱ ጋር ያልተመጣጠነ ፎም ግን ወፍራምም ሆነ ሰፊ ጥቅም የለውም።

ሙከራ ሦስት፣ የጸደቀው፦ ከዚያው ፎም አራት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 6 በ6 ሳ.ሜ። ድምሩ 144 ካሬ ሳ.ሜ፣ ጭነቱ በካሬ ሳ.ሜ 49 ግራም። ቁራጮቹ ከኬዙ አራት ማዕዘኖች ሥር ነው የሚውሉት። መሃል ላይ ከሆኑ ስስ የሆነው የብረት ሽፋን እንደ ከበሮ ይረግባል። እንዲህ የተጫነ ፎም የራሱ ንዝረት ከ20 እስከ 30 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ አንድ ነጥብ አራት እጥፍ በላይ ያለውን ንዝረት እየቆረጠ ይሄዳል። በጉዞ ላይ ያለው ከ70 እስከ 110 ኸርዝ በሩቅ ያልፈዋል። ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግን፣ በደቂቃ 1400 ዙር ማለት 23 ኸርዝ ነው፤ ፎሙ እዚያ ላይ ንዝረቱን ያጎላዋል እንጂ አይቀንሰውም። ጭነት ላይ እያለ ሞተር አስነስቶ ረጅም ጊዜ ማቆም አይመከርም።

በጎኖቹ በየግድግዳው ሁለት ሁለት ቁራጭ፤ ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ የሚያርፍበት የፊቱ ግድግዳ ላይ ሦስት። ከላይ ለስላሳው ስፖንጅ ገባ፤ ክዳኑ ሲዘጋ ከ4 እስከ 5 ሚ.ሜ ያህል ይጫነዋል። ክፍተት ካለ ዕቃው ይዘላል፤ ከበዛ ደግሞ የታችኛው ፎም አስቀድሞ ተጨፍልቆ ይጠብቃል። ፎሙ በመቁረጫ ምላጭ ሲቆረጥ አንዴ ረጅም ስቦ ነው፤ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ማለት ጠርዙን ያፈርሰዋል።

ደረጃ 5፦ ኮምፒውተሩን ማዘጋጀት

መጀመሪያ ባካፕ። የባካፑ ዲስክ ከማሽኑ ጋር በአንድ ጉዞ አይሄድም።

ግራፊክስ ካርድ ሁልጊዜ ይወጣል። ከ1 ኪሎ የሚበልጡ አሉ፤ የሚይዛቸው አንድ የፕላስቲክ ስሎትና ሁለት ብሎን ነው። ወጥቶ ብርማ ቀለም ባለው የስታቲክ መከላከያ ከረጢት ይገባል። ሮዝ ከረጢት የራሱን ቻርጅ አይፈጥርም እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አይከለክልም፤ ስለዚህ ብርማው ይሻላል። ካርዱን ራቁቱን ከስፖንጅ ጋር ማፋተግ ግን የለየለት ስህተት ነው።

ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣው ታወር ዓይነት (ከማዘርቦርዱ ረጅም ሆኖ የሚወጣ) ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ። ማውጣት፣ ወይም ኬዙን አጋድሞ መጫን። ሲጋደም ማዘርቦርዱ ወለል ይሆናል፣ ማቀዝቀዣውም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጉብታው የሚገፋው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ነው። ይህ ሣጥን የተሠራው ለዚህ ነው። በኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት ላይ ማውጣት የግድ ከሆነ ማሽኑ ጥቂት ሠርቶ እንዲሞቅ ይደረጋል፣ ይጠፋል፣ ማቀዝቀዣው በዝግታ ግራና ቀኝ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ይነሳል። በማቀዝቀዣውና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ቀዝቅዞ ደርቆ ሳለ ቀጥ አድርጎ መሳብ ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈ ሶኬት ይነቅለዋል፤ እግሮቹም ይጣመማሉ።

የመስታወት ጎን ያለው ኬዝ መስታወቱ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቀለላል። በቦታው ካርቶን ይታሰራል። የብረቱ ጎን ወደ ታች ነው የሚሆነው። ራም፣ ኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲና ፓወር ሰፕላይ ባሉበት ይቆያሉ፤ የኤም ዶት ቱዋ ትንሽ ብሎን ግን መጥበቋ ይታያል። ዩፒኤስ ካለ ባትሪው ይለያል፦ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ከ2 ኪሎ ይበልጣል፤ ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ከተፈታ መዶሻ ይሆናል። ጫፎቹ በኢንሱሌሽን ቴፕ ይሸፈናሉ።

ደረጃ 6፦ ማሰሪያ

ላስቲክ ገመድ ተሞክሮ ወጣ። ጉብታ ላይ ሣጥኑ ይነሳል፣ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ከዚያ ሣጥኑን ወደ መቀመጫው መልሶ ይወረውረዋል። መንጠቆው ካመለጠ ደግሞ ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው። ጥርስ ያለው የጭነት መኪና መወጠሪያም አልሆነም፤ ጉልበቱ ስለሚበዛ 4 ሚ.ሜ ግድግዳውን አጎበጠው።

የቀረው 25 ሚ.ሜ ስፋት ያለው፣ በእጅ የሚሳብ መቆለፊያ ያለው ማሰሪያ ነው። አራት፦ ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ፣ በ45 ዲግሪ አካባቢ። ከቴላዮው (ከሞተር ሳይክሉ የብረት አካል) ወይም ከኋላ መያዣው ይነሳሉ እንጂ ከፕላስቲክ ሽፋን ወይም ከመብራት መያዣ አይነሱም። የሚያልፉት በክዳኑ ላይ ሳይሆን በሣጥኑ ወለል ዳር በተመቱ ቀለበቶች ነው፤ ክዳኑን የሚጫን ማሰሪያ ያንን ሁሉ የፎም ሂሳብ ያበላሸዋል። ማሰሪያው አንድ ግማሽ ዙር ተጠምዝዞ ይወጠራል፤ ዝርግ ከሆነ በነፋስ ይርገበገብና ራሱን ይፈታል። ትርፍ ጫፉ ተጠቅልሎ ይታሰራል፣ ሰንሰለቱ ጋ እንዳይደርስ።

መቀመጫው ራሱ ስፖንጅ ስለሆነ ከጥቂት ኪሎሜትር በኋላ ይሰምጣል፣ ማሰሪያውም ይላላል። ቆሞ እንደገና መሳብ የጭነቱ አካል ነው። የጎማ ነፋስና የኋላ ሞላ ውጥረት በሞተሩ መመሪያ ለተጫነ ሞተር በተጻፈው ይስተካከላል።

ደረጃ 7፦ ሙከራ በአሸዋ

እውነተኛው ማሽን ከመጫኑ በፊት ባዶ ኬዝ ውስጥ 7 ኪሎ አሸዋ በጠንካራ ከረጢት ገባ። ከጎኑ 2 ሚ.ሜ የፎቶ ፍሬም መስታወት በሁለት ካርቶን መካከል ተደረገ፤ ርካሽ ምስክር ነው።

ለመለኪያ መጀመሪያ ስልክ ታሰበ። አንድሮይድ 12 ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ አፖች በሰከንድ ከ200 በላይ ንባብ አያገኙም፤ 100 ኸርዝን በቅጡ ለማየት ደግሞ ያ አፋፍ ላይ ነው። በዚያ ላይ የካሜራው ጉዳይ አለ። ስለዚህ ንዝረት የሚለካ ሁለት ኤምፒዩ-6050 ሴንሰር፣ ንባቡን የሚቀበል አንድ ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ መቆጣጠሪያ ቺፕ)ና ሚሞሪ ካርድ ተገጠመ። ሴንሰሩ እስከ 16 ጂ ያነባል፣ በሰከንድም 1000 ጊዜ። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ የሚሠሩት የአንዱ ኤዲዜሮ እግር ከ3.3 ቮልት ጋር ሲያያዝ ነው፤ አለዚያ አድራሻቸው አንድ ይሆናል። አንዱ በሣጥኑ ወለል፣ ሌላው በኬዙ ውስጥ።

ሁለት ነገር አስቸገረ። በስፖንጅ ቴፕ የተለጠፈው ሴንሰር ንዝረቱን ራሱ ስለሚበላው ንባቡ ውሸት ሆነ፤ በብሎን ታሰረ። ሚሞሪ ካርዱም በሚጽፍበት ቅጽበት ንባብ ይዘላል፤ መጀመሪያ ማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ አጠራቅሞ በአንዴ መጻፍ ፈታው።

ውጤቱ ከሂሳቡ ጋር ሄደ፦ በሙሉ ንጣፍ ፎም ላይ የኬዙና የወለሉ ንባብ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር፤ በአራቱ ቁራጭ ላይ የሞተሩ ንዝረት ከግማሽ በእጅጉ በታች ወረደ። ጉብታ ላይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ያ ቀርፋፋ እንቅስቃሴ ስለሆነ ፎም አይቆርጠውም፤ የሚቆርጠው ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ሞኒተር

ሞኒተር ተጋድሞ አይጫንም። ሲጋደም በእያንዳንዱ ጉብታ መስታወቱ መሃሉ ላይ ይረግባል፤ ላዩ ላይ የተደረገ ነገር ካለ ደግሞ ይጫነዋል። ቆሞ ይሄዳል።

ከጀርባው ያለው ቬሳ መያዣ ምርጥ መፍትሔ ነው፦ 100 በ100 ሚ.ሜ ላይ አራት ኤም4 ቀዳዳ። 9 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ 60 በ40 ተቆርጦ ሞኒተሩ በአራት ብሎን ይታሰርበታል። የብሎኑ ርዝመት 16 ሚ.ሜ፦ 9 ለእንጨቱ፣ 1 ለሮንዴላው፣ 6 ለሞኒተሩ። 25 ሚ.ሜ ብሎን ከተጠመዘዘ የውስጡን ቦርድ ወይም ፓኔሉን ከጀርባው ይወጋል። ሲገባ ከጠነከረ ማቆም ነው።

ከፊቱ ሁለተኛ 4 ሚ.ሜ ሽፋን፣ ከመስታወቱ 3 ሳ.ሜ ርቆ፣ በማዕዘን ጣውላ ላይ ያርፋል። መስታወቱን ምንም አይነካውም፤ የአየር አረፋ ያለው ፕላስቲክም ቢሆን ንጹህ ጨርቅ ሳይቀድመው አይጠቀለልበትም። ሁለቱ ሰሌዳዎች እንዳሉ ከታችና ከጎን በፎም ቁራጭ ላይ ይቆማሉ፤ ለ3 ኪሎ ተኩል ሞኒተርና ለ2 ኪሎ ሰሌዳ 110 ካሬ ሳ.ሜ ይበቃል። ከነጂው ጀርባ በሞተር ሳይክሉ ወርድ ነው የሚቆሙት፣ ከትከሻ በታች። ነጂው ነፋሱን ስለሚሰብርላቸው እንደ ሸራ አይገፉም። በሞተር ሳይክሉ ርዝመት በኩል ማቆም ተሞክሮ ነበር፤ የጎን ነፋስ ሲመጣ ሞተሩን ያዘነብለዋል።

ደረጃ 9፦ ዝናብ፣ ሙቀት፣ ጤዛ

ክዳኑ ከግድግዳው 1 ሳ.ሜ ወጣ ብሎ እንዲንጠባጠብ ተደረገ። ከላይ ውሃ የማያስገባ ሸራ ይሸፈናል። ለስላሳው ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ እሱ ብቻ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ሲሊካ ጄል ሁለት ከረጢት። ማርሚታው ባለበት ጎን የላፕቶፕ ባትሪ አይቀመጥም።

ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ሣጥኑ ወዲያው አይከፈትም። ቀዝቃዛ ብረት ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ ኃይል ከተሰጠው ሾርት ያደርጋል። ተዘግቶ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ፎሙ ሙቀት ስለሚከላከል ከሚገመተው ይዘገያል።

ደረጃ 10፦ ማውረድና ምርመራ

ሞተሩ በመሃል ማቆሚያው ነው የሚቆመው። በጎን ማቆሚያ ላይ የመጨረሻው ማሰሪያ ሲፈታ ሣጥኑ ወደ ዘመመበት ይንሸራተታል። ሲወጣም ሆነ ሲወርድ እግር በሣጥኑ ላይ አይዞርም፤ ከፊት በመቀመጫውና በታንከሩ መካከል ይሻገራል። ጫማ ሣጥን መምታቱ ከመንገዱ ጉብታ ሁሉ የከፋ ምት ነው።

ለኮምፒውተሩ ኃይል ከመሰጠቱ በፊት ኬዙ በቀስታ ይዘነበላል፤ የሚንኳኳ ነገር ከተሰማ የወደቀ ብሎን ነው፤ ማዘርቦርድ ላይ ካረፈ ያቃጥላል። ራሙ ይጫናል፣ የኃይል ኬብሎቹ ይገፋሉ፣ ካርዱ ይመለሳል። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበው ስማርት የሚባለው ንባብ ከጉዞው በፊት ከተያዘው ጋር ይነጻጸራል፦ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ከጨመሩ የዲስኩ ገጽ ተጎድቷል። 199 ብቻ ከጨመረ ብዙ ጊዜ የላላ ዳታ ኬብል ነው፤ ዲስክ ከመቀየር በፊት ኬብሉ ይነቀልና ይሰካል።

ቀሪ ሥራ

የፊት ግድግዳው ፎም በፍሬን ብዛት ቀድሞ ይጨፈለቃል፤ ከ50 ሚ.ሜ ወደ 45 ሲወርድ ይቀየራል፣ በመለኪያ እንጂ በዓይን አይፈረድም። የክዳኑ ማጠፊያ ይንኳኳል፤ ቀጭን የጎማ ንጣፍ ይገባለታል። ለፕሪንተር የተለየ ወለል ገና አልተቆረጠም፦ የቀለም ታንክ ያለው ፕሪንተር የግድ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፤ የትራንስፖርት መቆለፊያ ካለውም ይዘጋል። ሌዘር ከሆነ ቶነሩ ወጥቶ በጥቁር ከረጢት ይገባል።